የዞረ ሂሳብ ምንድን ነው? ባንካችሁ ከሌላ ባንክ ጋር ሲዋሃድ

የዞረ ሂሳብ ማለት ከአንድ መዝገብ ተነስቶ ሌላ መዝገብ ላይ መነሻ የሚሆን ቀሪ ብር ነው። የደብተር ገጽ ሲያልቅ ታች ላይ «ወደሚቀጥለው የዞረ» ተብሎ ይጻፋል፤ አዲሱ ገጽ አናት ላይ ደግሞ «ካለፈው የዞረ» ይባላል። ሱቅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ግራ የሚያጋባው መዝገቡ ኮምፒውተር ላይ ሲሆንና ገጹን የገለበጠው ባንኩ ራሱ ሲሆን ነው።

የባንክ ውህደት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። «አዲስ ባንክ» ይባል የነበረው በ1972 ከንግድ ባንክ ጋር ተዋህዷል። በ2008 ደግሞ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ወደዚያው እንዲጠቃለል ተደርጓል። ብሔራዊ ባንክ በ2013 የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ካሳደገው ወዲህም የውህደት ወሬ ከሰው አፍ አልጠፋም።

ደብረ ማርቆስ ላይ ጤፍ የምትነግድ ሴት እናስብ። ከቢቸናና ከየጁቤ ትሰበስባለች፣ ወደ አዲስ አበባ ትጭናለች። ሂሳቧን የሚይዝላት የወንድሟ ልጅ ነው፤ ግኑካሽ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር። ባንኳ ከሌላ ባንክ ጋር ተዋሃደና አዲስ የሂሳብ ቁጥር ሰጣት። ሂሳቧ ላይ የነበረው 186,420 ብር ነው። ልጁ አዲስ አካውንት ከፈተ፣ መነሻ ሂሳብ ብሎ 186,420 አስገባ። አሮጌውን ግን አልነካውም። ድምሩ 372,840 ሆኖ ቁጭ አለ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ብር ከየት መጣ?»

ይሄስ ደግ ነው። እጥፍ የሆነ ብር ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ልጁ ላስተካክል ብሎ መነሻ ሂሳቡን ሰርዞ አሮጌው ላይ «ወጪ»፣ አዲሱ ላይ «ገቢ» ብሎ ቢጽፍስ? ባላንሱ ልክ ይመጣል፣ ማንም አይጠይቅም። የዓመቱ ገቢና ወጪ ግን እያንዳንዳቸው በ186,420 ብር ያብጣሉ። ግብር ሲደርስ ሴትዮዋ ያልሸጠችውን ጤፍ ሸጥኩ የሚል ወረቀት ይዛ ትቀርባለች። እኔ የምፈራው ይህኛውን ነው።

የዞረ ሂሳብ ገቢም ወጪም አይደለም። ዝውውር ነው። በአንድ ምዝገባ ከአሮጌው አካውንት ወደ አዲሱ ይሄዳል፤ አሮጌው ዜሮ ይሆናል፣ አዲሱ በዚያው ብር ይጀምራል። ማብራሪያው ላይ «በባንክ ውህደት የዞረ» ብላችሁ ሁለቱንም የሂሳብ ቁጥር ጻፉ። የሂሳብ ቁጥሩ ካልተቀየረማ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፤ የአካውንቱን ስም ቀይሮ መገላገል ነው።

ከዝውውሩ በፊት የአሮጌውን ባንክ የመጨረሻ ስቴትመንት አውጡና ከመዝገባችሁ ጋር አስታርቁ። ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ባንኩ እስከዚያ ቀን ያለውን ወለድ አስልቶ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። መዝገቧ 186,420፣ ባንኩ 187,105 ካለ፣ የ685 ብሩ ልዩነት ወለድ መሆኑን ስቴትመንቱ ላይ ታያለች። ወለዱ መጀመሪያ አሮጌው አካውንት ላይ በገቢነት ይመዝገብ፣ ከዚያ 187,105ቱ ይዙር። ቼክ ጽፋ ሰጥታ ተቀባዩ ገና ካልመነዘረውም ልዩነት ይመጣል፤ መዝገቧ ቀንሶታል፣ ባንኩ ገና አልቀነሰም። ቼኩ አዲሱ ሂሳብ ላይ ሲመነዘር ሁለቴ እንዳይቆጠር አሁኑኑ ምልክት ይደረግበት።

አሮጌውን አካውንት አታጥፉ። ካጠፋችሁት የዓመታት ግብይት አብሮት ሊሄድ ይችላል። ግኑካሽ አካውንቱን ከዝርዝር የሚደብቅ ምርጫ አለው፤ አዲስ ምዝገባ እንዳይቀበል ማድረግም ይቻላል። ሁለቱንም ተጠቀሙ።

ግብይት ከባንክ ፋይል የምታስገቡም ተጠንቀቁ። ኦኤፍኤክስ በሚባለው የፋይል ዓይነት እያንዳንዱ ግብይት መለያ ቁጥር አለው፤ ሶፍትዌሩ «ይሄንንማ አስገብቼዋለሁ» የሚለው በእሱ ነው። ባንኩ ሲስተም ሲቀይር መለያው ከተቀየረ ያው ግብይት ሁለቴ ይገባል። የባንክ ኤስኤምኤስ እያነበበ የሚመዘግብ አፕ ካላችሁ ደግሞ ተቃራኒው ሊያጋጥም ይችላል፦ የላኪው ስም ይቀየርና አፑ ዝም ይላል።

ቀኑም ያምታታል። የእኛ ሱቅ በኢትዮጵያ ቀን ይሠራል፣ ሶፍትዌሩ በፈረንጅ። ዝውውሩ ሐምሌ 1 ከሆነ የሚጻፈው ጁላይ 8 ነው። ልጁ ጁላይ 1 ብሎ ቢመታ ሰኔ 24 ማለቱ ነው። በዚያ ሳምንት ለጭነት መኪና የተከፈለው ብር ዜሮ ከሆነ ሂሳብ ላይ እየወጣ አሮጌው አካውንት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ባንኩ ግን ለሴትዮዋ አንድ ብር አላበደረም።