ዲ ፋክቶ የትምህርት ቤት መለያየት ምንድን ነው?

«ዲ ጁሬ» እና «ዲ ፋክቶ» ከላቲን የተወረሱ ሁለት የሕግ ቃላት ናቸው፤ የመጀመሪያው «በሕግ የተደነገገ»፣ ሁለተኛው «በሕግ ባይደነገግም በተግባር ያለ» ማለት ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች ተለያይተው የሚማሩባቸውን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጉዳይ የሚመዝኑት በእነዚህ ሁለት ቃላት ነው። ልዩነቱ ከቃላት ጨዋታ ያለፈ ነው፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲፈርስ ሊያዝ የሚችለው የመንግሥት እጅ እንዳለበት የተረጋገጠውን መለያየት ብቻ ሲሆን፣ ዲ ፋክቶ የተባለው ግን ተጠያቂ የሌለው፣ ሰዎች በየፈቃዳቸው ሲኖሩ በራሱ የመጣ ነገር ተደርጎ ይታለፋል። ይህ «በራሱ የመጣ» የሚለው አባባል ምን ያህል እውነት እንደሆነ ለማየት የመለያየቱን ታሪክ መከተል ያስፈልጋል።

ዲ ጁሬ የሆነውን ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። እስከ 1954 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) 17 ክፍላተ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች ለየብቻ እንዲማሩ በሕግ ያስገድዱ ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ወር፣ በካንሳስ ከምትገኘው ከቶፒካ ከተማ በተነሳው የብራውን መዝገብ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኝ ዳኞች በአንድ ድምፅ ይህ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጻረር መሆኑን ወሰኑ። ውሳኔው ወዲያው አልተፈጸመም፤ በቨርጂኒያ የሚገኘው የፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ ጥቁሮችንና ነጮችን አብሮ ከማስተማር የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን ሁሉ መዝጋት መርጦ ከ1959 እስከ 1964 ዘግቷቸዋል። ይሁንና መለያየትን በግልጽ የሚያዝዙት ሕጎች ውሎ አድሮ ተሽረዋል።

ያልተሻረው የመኖሪያ ካርታው ነበር። ልጅ በሰፈሩ ባለው ትምህርት ቤት ስለሚመደብ፣ ሰፈሮች በዘር ከተለያዩ ትምህርት ቤቶችም ሌላ ሕግ ሳያስፈልጋቸው ይለያያሉ። ሰፈሮቹን ማን ለያቸው? በ1930ዎቹ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት የከተሞችን ካርታ በቀለም ከፋፍሎ፣ ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች በቀይ አስምሮ ለብድር አስጊ ብሎ ፈረጃቸው። የቤት ብድር ዋስትና የሚሰጠው ሌላው የፌዴራል መሥሪያ ቤትም ይህንኑ አስተሳሰብ ተከተለ። በሚሺጋን ክፍለ ግዛት በምትገኘው በዲትሮይት አንድ የቤት ገንቢ ለነጮች የሚሸጥ ሰፈር በጥቁሮች ሰፈር አጠገብ ለመሥራት ሲነሳ ዋስትናውን ተከለከለ፤ በ1941 በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ግማሽ ማይል ያህል የሚረዝም የኮንክሪት ግንብ ከሠራ በኋላ ግን ተፈቀደለት። ግንቡ ዛሬም አለ። ከግንቡ በዚህና በዚያ ወገን ያደጉ ልጆች በተለያየ ትምህርት ቤት ቢማሩ፣ መለያየቱን «በራሱ የመጣ» ለማለት ግንቡን አለማየት ያስፈልጋል።

ዲ ፋክቶ የሚለው ቃል ትልቁን ውጤት ያስከተለው በዚያችው በዲትሮይት ነው። የፌዴራል ዳኛው ስቲቨን ሮዝ በ1971 በከተማዋ ትምህርት ቤቶች ያለው መለያየት በክፍለ ግዛቱና በከተማው ባለሥልጣናት ድርጊት ጭምር የተፈጠረ መሆኑን አረጋገጡ። ብዙ ነጮች ወደ ከተማዋ ዳርቻ እየሄዱ ስለነበር መፍትሔውን በከተማዋ ውስጥ ብቻ መወሰን ትርጉም እንደማይኖረው በማየትም፣ 53 የዳርቻ የትምህርት ዲስትሪክቶች (የየራሳቸው የትምህርት ቤት አስተዳደር ያላቸው አካባቢዎች) በመፍትሔው እንዲካተቱ ፈለጉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ሚሊከን በብራድሊ ላይ በተባለው መዝገብ በ1974፣ በአምስት ለአራት ድምፅ፣ ዳርቻዎቹ ራሳቸው ጥፋት መፈጸማቸው እስካልተረጋገጠ ድረስ መፍትሔው የዲስትሪክት ወሰን ሊሻገር አይችልም አለ። በብራውን መዝገብ ጠበቃ የነበሩትና በዚህ ጊዜ ዳኛ ሆነው የተቀመጡት ተርጉድ ማርሻል በሐሳብ ልዩነት፣ ታላላቆቹ ከተሞች አንዳንዳቸው ወደ ሁለት፣ የነጭና የጥቁር ከተማ፣ እንዲከፈሉ መፍቀድ ለጊዜው ቀላል ቢመስልም ሕዝቡ በኋላ የሚጸጸትበት መንገድ መሆኑን አስጠነቀቁ። ከዚያ በኋላ ልጁን ከጥቁር ልጆች ጋር ማስተማር ያልፈለገ ወላጅ የሚያስፈልገው የከተማዋን ሰሜናዊ ወሰን፣ ስምንት ማይል የተባለውን መንገድ፣ ተሻግሮ ቤት መግዛት ብቻ ሆነ።

ወሰኑ ልጆችን ብቻ ሳይሆን ገንዘብንም ይለያል። የአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት በጀት ውስጥ የፌዴራሉ ድርሻ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ ሲሆን፣ ቀሪውን ክፍለ ግዛቱና አካባቢው ይሸፍኑታል፤ የአካባቢው ገንዘብ ደግሞ በአብዛኛው ከቤትና ከመሬት ግብር የሚሰበሰብ ነው። በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ የተነሳው የሮድሪጌዝ መዝገብ የዚህን አሠራር ጠባይ በቁጥር ያሳያል። በ1967 እና 1968 የትምህርት ዘመን፣ ተማሪዎቹ 90 በመቶ ገደማ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው የኤጅዉድ ዲስትሪክት ከእያንዳንዱ 100 ዶላር የንብረት ግምት 1.05 ዶላር ይሰበስብ ነበር፤ በዚያው ከተማ ያለው ባለጸጋው አላሞ ሃይትስ ግን 0.85 ብቻ። ሆኖም ከሌላው ምንጭ ጋር ተደምሮ ኤጅዉድ ለአንድ ተማሪ 356 ዶላር ሲኖረው አላሞ ሃይትስ 594 ዶላር ነበረው። ድሃው የበለጠ ግብር ከፍሎ ያነሰ አገኘ ማለት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 በአምስት ለአራት ድምፅ፣ ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መሠረታዊ መብት ስላልሆነ ይህ አሠራር ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፍላተ ግዛቶች ለደሃ ዲስትሪክቶች ድጎማ ጨምረዋል፤ ችግሩ ዛሬም በዚያው መጠን አለ ማለት ትክክል አይሆንም። ገንዘብ ብቻውን ለውጥ አያመጣም የሚሉ ሰዎች ክርክርም የሚናቅ አይደለም፣ ምንም እንኳ ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የሞላው ዲስትሪክት ውስጥ ሆነው ቢሆንም።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ፣ ቤት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ዲ ፋክቶ የሚለውን ቃል ሰምቶ ባያውቅም ጉዳዩን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከመኝታ ክፍሉ ብዛት አስቀድሞ የሚጠየቀው ትምህርት ቤቱ በጥራት ደረጃ ነጥብ ከዐሥር ስንት እንዳገኘ ነው። ነጥቡ በአመዛኙ የቤተሰቦችን ገቢ ተከትሎ የሚወጣና የሚወርድ በመሆኑ፣ ከፍ ያለው ነጥብ የቤቱን ዋጋ ይሰቅላል፤ የተሰቀለው ዋጋ ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ቤተሰብ ያርቃል። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ መላው አውራጃ አንድ ዲስትሪክት ነው፤ ስለዚህ እዚያ ልዩነቱን የሚፈጥረው የዲስትሪክት ወሰን ሳይሆን፣ በዚያው ዲስትሪክት ውስጥ የትኛው ጎዳና ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚመደብ የሚወስነው መስመር ነው።

አንድ ዲስትሪክት በራሱ ፈቃድ መለያየቱን ላስተካክል ቢልስ? በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሲያትልንና የልዊቪልን መዝገቦች አይቶ፣ እነዚህ ከተሞች ተማሪን በዘሩ መሠረት መመደባቸው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ልዊቪል እስከ 2000 ድረስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ትምህርት ቤቶቹን የማዋሐድ ግዴታ ነበረበት፤ ትእዛዙ ሲነሳ ግን፣ ቀሪው መለያየት ዲ ፋክቶ ስለሆነ፣ ትናንት ግዴታው የነበረውን ዓይነት ሥራ በፈቃዱ ቢቀጥል ተከለከለ።

ሕግ የለበትም የሚባለው ይህ ወሰን ግን የሚጠብቀው ሕግ አለው። በ2011 በኦሃዮ አንዲት ጥቁር እናት ልጆቿን በአባቷ አድራሻ በሌላ ዲስትሪክት ትምህርት ቤት በማስመዝገቧ በወንጀል ተከሳ፣ ሰነድ በማጭበርበር ጥፋተኛ ተብላ ዘጠኝ ቀን ታስራለች። ጥፋቷን ወደ ቀላል ወንጀል የቀየሩት በኋላ የክፍለ ግዛቱ አስተዳዳሪ ናቸው።