የወሳኝ መንገድ ስሌት በቡድን ምግብ ዝግጅት

የወሳኝ መንገድ ስሌት እርስ በርስ የተያያዙ ብዙ ሥራዎች ያሉበት ዝግጅት ቢያንስ በምን ያህል ጊዜ ሊጠናቀቅ እንደሚችል የሚያሰላ የዕቅድ ዘዴ ነው። በዚህም የትኞቹ ሥራዎች ጥቂት ቢዘገዩ ፍጻሜውን ይዘውት እንደሚዘገዩ፣ የትኞቹ ደግሞ ፋታ እንዳላቸው ለይቶ ያሳያል። የተፈጠረው ለፋብሪካና ለግንባታ ቢሆንም፣ ብዙ እጆች በአንድ ወጥ ቤት ተሰባስበው በተቆረጠ ሰዓት ገበታ ማቅረብ ሲኖርባቸው ጥቅሙ በጉልህ ይታያል። በበዓልና በሰርግ ዝግጅት ሁሉም ሰው ያለ ዕረፍት እየሠራ ምሳው ግን ሁለት ሰዓት የሚዘገይበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የሰው ማነስ ሳይሆን የሥራው ቅደም ተከተል ነው።

ዘዴው የተወለደው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የዱፖንት ኩባንያ ባልደረባ ሞርጋን ዎከርና የኮምፒውተር አምራቹ የሬሚንግተን ራንድ ኩባንያ ባልደረባ ጄምስ ኬሊ የኬሚካል ፋብሪካ ግንባታን በዩኒቫክ ኮምፒውተር ለማቀድ ሲሠሩ አበጁት፤ በ1959ም ሥራቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። በሉዊቪል ከተማ በሚገኘው የዱፖንት ፋብሪካ ለጥገና ሲባል ምርት የሚቆምበት ጊዜ በዚህ ዘዴ ከ125 ሰዓት ወደ 93 ሰዓት ዝቅ ማለቱ ዝናውን አስፋፋው። የአሜሪካ ባሕር ኃይልም በ1958 ለፖላሪስ ሚሳይል ፕሮግራሙ ፐርት የተባለውን ተመሳሳይ ዘዴ አዘጋጅቷል። የፐርት ልዩ ባሕርይ የእያንዳንዱ ሥራ ጊዜ እርግጠኛ አለመሆኑን ከስሌቱ ውስጥ ማስገባቱ ሲሆን፣ ይህ ለወጥ ቤትም ስለሚበጅ በኋላ እንመለስበታለን።

አሠራሩን ለማየት አራት ሰዎች ለበዓል ምሳ ዶሮ ወጥ ሲያዘጋጁ እናስብ፤ ደቂቃዎቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። ሽንኩርት መላጥና መክተፍ ለአንድ ሰው 40 ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ ያለ ዘይት ማቁላላት 50፣ በርበሬና ዘይት ጨምሮ ቁሌቱን ማብሰል 40፣ ዶሮውን ጨምሮ ማብሰል 50፣ በመጨረሻም እንቁላል፣ ንጥር ቅቤና መከለሻ ገብቶ ማንተክተክ 15 ደቂቃ ይወስዳል። በሌላ ወገን ዶሮውን በየብልቱ ማውጣትና ማጠብ 70፣ በሎሚና በጨው መዘፍዘፍ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ሊጡ አስቀድሞ የቦካ ሆኖ አብሲት መጣል 30፣ ኩፍ እስኪል መጠበቅ 60፣ 25 እንጀራ በአንድ ምጣድ መጋገር 75 ደቂቃ ነው። እንቁላል መቀቀልና መላጥ 25፣ ገበታ መዘርጋት ደግሞ 10 ደቂቃ ይወስዳል።

ቀጥሎ የትኛው ሥራ የትኛው ካላለቀ እንደማይጀመር ይጻፋል። ዶሮው ወደ ድስቱ የሚገባው ቁሌቱ ሲበስልና ዝፍዝፉ ሲያበቃ ነው፤ እንቁላሉ የሚፈለገው በመጨረሻው ማንተክተክ ላይ ብቻ ነው፤ ገበታ የሚዘረጋው ወጡም እንጀራውም ሲደርሱ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ሰንሰለት ይደመራል። የሽንኩርቱ መስመር እስከ ወጡ መውጣት 195 ደቂቃ፣ የእንጀራው 165 ደቂቃ ይሆናል። ዶሮው በ100ኛው ደቂቃ ሲዘጋጅ ቁሌቱ የሚደርሰው ግን በ130ኛው ነው። ስለዚህ ወሳኙ መንገድ፣ ማለትም ከሁሉ ረጅሙ ሰንሰለት፣ የሽንኩርቱ ነው፤ ገበታውን ጨምሮ 205 ደቂቃ ይፈጃል፤ ምሳው ለ7፡00 ሰዓት ከተቀጠረ የመጀመሪያው ሽንኩርት መላጥ ያለበት ከጠዋቱ 3፡35 ላይ ነው። የዶሮ ማዘጋጀቱና የእንጀራው ሥራ እያንዳንዳቸው የ30 ደቂቃ ፋታ ሲኖራቸው፣ የእንቁላሉ ፋታ 155 ደቂቃ ነው። ጠዋት እንቁላል ለመቀቀል የሚጣደፍ ሰው ትጉህ ቢሆንም ምሳውን በአንዲት ደቂቃ አያፈጥነውም።

ስሌቱ ከሁሉ በላይ የሚረዳው ተጨማሪ እጅ የት እንደሚያስፈልግ በማሳየቱ ይመስለኛል። ማቁላላትን በሰው ብዛት ማሳጠር አይቻልም፤ አምስት ሰው ድስቱን ቢከብም ሽንኩርቱ በራሱ ጊዜ ነው የሚበስለው። መክተፍ ግን ይከፋፈላል። ሁለት ሰው ከተጋገዘ 40 ደቂቃው 20 ይሆናል፤ ጠቅላላ ጊዜውም ወደ 185 ደቂቃ ይወርዳል፤ የዶሮውና የእንጀራው ፋታ ግን ወደ 10 ይጠብባል። አራት ሰው ቢከትፍና ሥራው በ10 ደቂቃ ቢያልቅ ዝግጅቱ 175 ደቂቃ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ግን ሦስቱም መስመሮች እኩል ወሳኝ ሆነው ፋታ የሚባል ነገር አይተርፍም። በተጨማሪም አራት ከታፊ፣ አንድ የዶሮ ሠሪና አንድ አብሲት ጣይ ስድስት ሰው ስለሚሆኑ፣ አራት አባላት ላሉት ቡድን የሚያዋጣው ሁለት ሰው ሽንኩርት ላይ መድቦ 3፡55 ላይ መጀመር ነው። አብሲቱን የጣለው ሰው ሊጡ ኩፍ እስኪል 60 ደቂቃ ነፃ ስለሚሆን እንቁላሉን እሱ ቢልጥ ሌላ ሰው አያስፈልግም።

በመጀመሪያ መልኩ ስሌቱ የሰውንና የዕቃን ውስንነት አይመለከትም፤ ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ብዙ ዕቅድ የሚፈርሰው በምድጃ ማነስ ነው። ከኤሌክትሪክ ምጣዱ ሌላ አንድ ምድጃ ብቻ ካለ፣ ቁሌቱ ከተጣደ በኋላ ወጡ እስኪወጣ ድረስ ምድጃው አይለቀቅም። ስለዚህ ሽንኩርት በሚከተፍባቸው 20 ደቂቃዎች ምድጃው ባዶ ሆኖ ከሚቆይ፣ የአብሲቱና የእንቁላሉ የእሳት ሥራ ብቻ ተራ በተራ በዚያ ክፍተት መጠናቀቅ አለበት። ጎመን ካለ ግን ክፍተት አይኖረውም፤ ወይ ቀድሞ ይሠራል፣ ወይ ገበታው በእሱ ልክ ይገፋል። በወረቀት ላይ ሰፊ ፋታ የነበረው ሥራ በምድጃ ምክንያት ወሳኝ ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ወረፋ በዕቅዱ ላይ፣ አንዱ ካላለቀ ሌላው እንደማይጀመር ሥራ ሁሉ፣ መመዝገብ ይኖርበታል።

የጊዜ ግምትም በጥንቃቄ መያዝ አለበት። የሐበሻ ዶሮ ከፈረንጅ ዶሮ ዘግይቶ ይበስላል። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋ ከተሞች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በመሆኑ፣ ቆላ ላይ የተለካ የመቀቀያ ጊዜ እዚህ አይበቃም። ፐርት ለዚህ ሦስት ግምት ይወስዳል፤ ጥሩው፣ የተለመደውና መጥፎው። የተለመደው በአራት ተባዝቶ ከሁለቱ ጋር ተደምሮ ለስድስት ይካፈላል። ማቁላላት ቢቀና 40፣ እንደወትሮው 50፣ እሳት ቢደክም 90 ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ ለዕቅዱ የሚያዘው 55 ደቂቃ ነው። መብራት ሊቋረጥ በሚችልበት ቤት የምጣዱን መጥፎ ግምት አሳንሶ መያዝ አይገባም።

በአንድ ነገር ወጥ ቤት ከግንባታ ይለያል። ግንባታ ላይ ፋታ ያለው ሥራ ቀድሞ ቢያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። የበሰለ ምግብ ግን ይቀዘቅዛል፤ ይበላሻልም። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ እስኪቀርብም ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንደሞቀ እንዲጠበቅ ይመክራል። ስለዚህ መክተፍ፣ ማጠብና መልቀም ቀደም ብለው ሊጀመሩ ሲችሉ፣ ቶሎ ለሚበላሹት የበሰሉ ምግቦች ግን ከገበታው ሰዓት ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚገኘው የመጨረሻ መጀመሪያ ሰዓት የተሻለ ነው። ለማንኛውም መዘግየት መጠባበቂያ የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ግን መተው አለበት።

ድግሱ ሲሰፋ የስሌቱ መነሻ ከሰዓታት ወደ ቀናትና ሳምንታት ይሄዳል። የሰርግ ዝግጅት ረጅሙ ሰንሰለት በአመዛኙ እሳት ዳር ሳይሆን ጋን ውስጥ ነው፤ ጠጅ ለመብሰል ሳምንታት፣ የጤፍ ሊጥ ለመቡካት ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። በእነዚህ ጊዜያት ማንም ሰው ላይሠራ ይችላል፤ ወሳኙ መንገድ ግን በዚያ ያልፋል። ጠጁ በአራት ቀን ዘግይቶ ከተጣለ በሰርጉ ዋዜማ መንደሩ ሁሉ ቢሰበሰብም ያንን አራት ቀን የሚመልስ እጅ አይገኝም፤ ዕቅዱም መሠራት ያለበት ማሩና ጌሾው ከሚገዙበት ቀን ጀምሮ ነው።