ጣሪያ ከፍቶ መንዳት በጎጃም ብርድ

ጣሪያው የሚከፈት መኪና ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ሙቀትና የባሕር ዳርቻ ነው። ጎጃም ላይ ይህ አይሠራም። በጎጃም ደጋ ጣሪያ ለመክፈት የሚመቸው ጊዜ ብርዱ የሚበረታበት ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አስፋልቱ ደረቅ ነው፣ ፀሐይዋም እስክትጠልቅ ድረስ አትደበቅም። ብርድን ለብሶ መቋቋም ይቻላል። የክረምቱን ዶፍና የአባይ በረሃን የቀትር ሐሩር ግን ልብስ አይመልሳቸውም።

መኪናው ራሱ በአካባቢው ብርቅ ነው። ኮንቨርቲብል የሚባለው፣ ጣሪያው ቁልፍ ተጭነው ወይም በእጅ ስበው ወደ ኋላ የሚያጥፉት ዓይነት፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሲያልፍ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። ሁለት ሰው ብቻ የሚጭን፣ ሆዱ ከመሬት የተጠጋ መኪና ለጎጃም ቤተሰብም ለጎጃም መንገድም ብዙ አይመችም። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ጣሪያው የሚከፈት የኤሌክትሪክ መኪና በዓለም ገበያም ገና ጥቂት ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ የሚታየው በአብዛኛው ቀድሞ የገባው ነው።

ሰፋ አድርገን ካየነው ግን ክፍት መኪና ለአገሩ አዲስ አይደለም። ባለ ሸራ አሮጌ ላንድሮቨሮች፣ የደርግ ዘመን የሩሲያ ዋዞች፣ ትንንሾቹ ሱዙኪ ጂፖች ሁሉ ሸራቸው ይገፈፋል። አይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጦ ገበያ የሚሄደውማ ጣሪያ ኖሮት አያውቅም። እሱ ብርዱን የሚጋፈጠው ወዶ አይደለም፤ በትርፍ ጊዜው ጣሪያ የሚከፍት ሰው ይህን ባይረሳ ጥሩ ነው።

ጥርና የሙሽራ መኪና

ኮንቨርቲብል በጎጃም ከተሞች በብዛት የሚታይበት ወር ጥር ነው። ምክንያቱ ሰርግ ነው። ከጥምቀት በኋላ ፆም እስኪገባ ድረስ ቅዳሜና እሑድ የሰርግ አጀብ የማያልፍበት ከተማ የለም። የሙሽራ መኪና በኪራይ ይመጣል፣ አበባ ይለጠፍበታል፣ ጣሪያው ይከፈታል። ከፊት ፒካፕ ላይ ቆሞ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ ቀስ በሉ፣ ሳቁ፣ እጃችሁን አውለብልቡ። የአጀቡ ሾፌሮች ክላክስ ላይ ተኝተዋል።

እዚህ ላይ ለሙሽሪት ማዘን ያስፈልጋል። የለበሰችው ቬሎ ትከሻዋን አይሸፍንም። ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ ብርዱ ገና አልለቀቀም። ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆሟል፣ አበባ የያዘው እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ፊቷ ግን ለካሜራው ይስቃል። ብልህ ሚዜ ጋቢ መቀመጫው ሥር ደብቆ ይመጣል። ካሜራው ወደ ሌላ ሲዞር ትከሻዋ ላይ ጣል ያደርግላታል፣ ካሜራው ሲመለስ ያነሳዋል። መስኮቶቹን ከፍ አድርጎ ማሞቂያውን ወደ እግር መልቀቅ ይህን ሁሉ ጣጣ ያቀል ነበር። የኪራይ ሾፌሮች ግን መስኮት ከተዘጋ ፎቶው ይበላሻል ብለው እሺ አይሉም።

ብርዱ ምን ዓይነት ነው?

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። በበጋ ሌሊት ደመና ስለሌለ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቀዋል፤ ጠዋት ከ10 ዲግሪ በታች መሆኑ የተለመደ ነው። ከፍ ባሉት ቦታዎች ሣሩ ላይ አመዳይ ያድራል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ነገሩ ቶሎ ይቀየራል፤ ቀትር ላይ 20 ዲግሪ ያልፋል። ጥላ ውስጥ ብርድ፣ ፀሐይ ላይ ሙቀት፣ እዚያው መንገድ ላይ።

መኪናው ሲሮጥ ደግሞ የነፋሱ ነገር ይጨመራል። ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ሲል በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ነፋስ የተራቆተ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ብርዱ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይሰማል። በሙሉ ፍጥነት ነፋስ የሚያገኘው ግን ከመስታወቱ በላይ ወይም ከበሩ ውጪ እጁን ያወጣ ሰው ነው። ከፊት መስታወት በስተጀርባ በደንብ የተቀመጠ ሰው የሚደርሰው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። የዚህ ጨዋታ ሁሉ ምስጢር እዚያ ላይ ነው።

ፀሐይዋም መናቅ የለባትም። ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ቃጠሎውን ስለሚያስረሳ ሰው ሳያውቀው አፍንጫውና ግንባሩ ተቃጥሎ ይገባል። ሰንስክሪን በብርድ ቀን መቀባት ለብዙዎች ቅብጠት ይመስላል፤ አይደለም።

ነፋሱ በየት በኩል ይገባል?

ከፊት የሚመጣው አየር መስታወቱ ላይ ተንሸራቶ ከጭንቅላት በላይ ያልፋል። ከመቀመጫው ጀርባ ሲደርስ ወደ ታች ይወርድና ተገልብጦ ወደ ፊት ይመለሳል። ስለዚህ በክፍት መኪና ብርድ የሚመታው ከፊት ሳይሆን ከኋላ ነው፤ ማጅራትና ጆሮ ግንድን። መጀመሪያ የሚሞክረው ሰው ሁሉ ደረቱን ሸፍኖ ማጅራቱን ክፍት ይተዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የጎን መስኮቶች እስከ ላይ ይዘጋሉ። ከመቀመጫዎቹ ጀርባ የምትቆም ወንፊት መሰል መከለያ አለች፤ የተገለበጠው አየር ወደ ፊት እንዳይመለስ ታቋርጠዋለች። ብዙ መኪኖች ከፋብሪካ ይዘዋት ይመጣሉ፣ ያልመጣላቸው በልካቸው ያሠራሉ። ማሞቂያው እግርና እጅ ላይ በሙሉ ኃይል ይለቀቃል። መርሴዲስ በእ.ኤ.አ. 2004 በወጣችው ኤስኤልኬ ላይ ኤርስካርፍ የሚባል ነገር ገጥሟል፤ ከመቀመጫው ራስ ማስደገፊያ ሥር ሙቅ አየር ማጅራት ላይ ይነፋል። መሐንዲሶቹም ያው ማጅራት ላይ ነው የደረሱት።

ልብስን በተመለከተ ጎጃም ከማንም የሚማረው የለውም። የጮቄ ተራራ እረኛ ለዝናብ ገሳ አለው፣ ለብርድ ጋቢና ኩታ አለው። ከጎን ለሚቀመጥ ሰው ጋቢ ታጥፎ ጉልበት ላይ ቢደረግ ከየትኛውም ጃኬት ይሻላል። ለሾፌሩ ግን አይሆንም፤ እጁን ይይዘዋል። ሾፌር ነፋስ የማያስገባ አጠር ያለ ጃኬት፣ ጆሮ የሚሸፍን የሱፍ ኮፍያና ስስ ጓንት ይበቃዋል። ነጠላ አንገት ላይ መጠምጠም ጥሩ ነው፣ ጫፉ ግን ጃኬቱ ውስጥ መግባት አለበት። ኢሳዶራ ደንከን የተባለችው አሜሪካዊት ዳንሰኛ እ.ኤ.አ. በ1927 ኒስ ከተማ ውስጥ የሞተችው ረጅም የአንገት ልብሷ በክፍት መኪና ጎማ ተጠምጥሞ ነው።

አረቄ ያሞቃል የሚለውን ወሬ መስማት አያስፈልግም። የቆዳን የደም ሥር ስለሚከፍት ለጊዜው ሞቅ ያደርጋል፤ የሰውነትን ሙቀት ግን ወደ ውጪ ያባክናል። መሪ ለያዘ ሰውማ ነገሩ ግልጽ ነው። ሻይ በፔርሙዝ ይዞ መሄድ ይበቃል።

ጣሪያውን ስለመያዝ

ሸራ ጣሪያ በብርድ ይጠነክራል። የኋላ መስኮቱ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ በጠዋት ቁር ሲያጥፉት ሊሰነጠቅ ይችላል። አመዳይ ያረፈበትን ጣሪያ ወዲያው መክፈት አይገባም። ፀሐይ ትንሽ ታግኘው፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ይታጠፍ። እርጥብ ሸራ ታጥፎ ከዋለ ይሻግታል፤ ያ ሽታ ደግሞ ቶሎ አይለቅም። በኤሌክትሪክ የሚከፈተውን ጣሪያ የመኪናውን ሞተር አስነስቶ መክፈት ይሻላል፤ ባትሪ በብርድ ይደክማል።

በዚህ ረገድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ትመሰገናለች። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችው ይቺ ትንሽ መኪና በሸራ ጣሪያዋ ትታወቃለች፤ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ በእጁ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ጣሪያው የሚበላሽ ሞተር የለውም። ከባለሙያ ጋራዥ ርቆ ለሚነዳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሞተሩም ከፍታው ይሰማዋል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። ዳገት ላይ አይሱዙ ለመቅደም የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስላ።

መንገዶቹ

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው የጎጃም በር አባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። ታች፣ ከአሮጌው ድልድይ ጎን፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም ማብቂያ የተከፈተው የህዳሴ ድልድይ አለ። ለክፍት መኪና ይህ ክፍል የሚያጓጓውን ያህል አይመችም። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የጋለበት የጭነት መኪና ሽታ፣ ዳገቱ ላይ የናፍጣ ጭስ፣ ታች ደግሞ ሐሩር። ጣሪያ ተከፍቶ ከጭነት መኪና ኋላ መሰለፍ ጭሱን መጠጣት ነው። ዝንጀሮዎቹም አሉ። ሙዝ ይዞ ጣሪያ ከፍቶ የቆመ ሰው ሙዙን እንደሌለ ይቁጠረው። ማለዳ መሻገር ወይም ጣሪያ ዘግቶ ማለፍ ይሻላል።

ደጀን ላይ ግን ጨዋታው ይጀምራል። ከዚያ በሉማሜ በኩል ደብረ ማርቆስ እስኪገባ ያለው ሜዳማ ደጋ ለዚህ ዓይነት መንዳት የተመቸ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጤፍ ይታጨዳል፣ አውድማ ላይ ይወቃል። የጭዱ ሽታ መኪናው ውስጥ ይገባል፤ እብቁም አብሮ ይገባል፣ ስለዚህ መነጽር የግድ ነው። በገበያ ቀን መንገዱ የሰውና የአህያ ነው። ክፍት መኪና ውስጥ ያለ ሰው ሰላምታ ይደርሰዋል፣ መመለስም ይጠበቅበታል። ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው።

ሌላው ምርጫ ከደጀን በቢቸናና በሞጣ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ነው። በግራ በኩል የጮቄ ተራራ ሰንሰለት አብሮ ይሄዳል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ለአባይ ብዙ ገባር ወንዞች የሚመነጩት ከእሱ ነው። ወደ ተራራው የሚወጣው መንገድ፣ ለምሳሌ ከደብረ ማርቆስ በረቡዕ ገበያ በኩል ያለው፣ ለዝቅተኛ መኪና አይሆንም። ባለ ሸራ ላንድሮቨር ወይም ፒካፕ ያለው ግን ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል የበቀለበትን ከፍታ ያያል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚቀዘቅዝ ላዩ ከደብረ ማርቆስ በ10 ዲግሪ ያህል ይበርዳል። እዚያ ጣሪያ መክፈት ለጀብደኛ ነው።

በዋናው መንገድ ከደብረ ማርቆስ በአማኑኤል፣ በደምበጫ፣ በጅጋና በፍኖተ ሰላም አልፎ ቡሬ ይደረሳል። ፍኖተ ሰላም ዝቅ ያለ ስለሆነ እዚያ ጃኬት ይወልቃል። ከቡሬ በኋላ መንገዱ ወደ አዊ ይወጣል፤ ጃኬቱም ይመለሳል። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚሻለው ይህ ክፍል ነው። ጥላሊን አልፎ ዘንገና ሐይቅ ከአስፋልቱ አጠገብ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቷል። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዷ የታወቀ ነው። አካባቢውን የሸፈነው ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ነው፤ ጠዋት ላይ የከሰሉ ጭስ ከቅጠሉ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ መንገዱ ላይ ይቆያል። ጣሪያ ዘግቶ የሚያልፍ ይህን አያገኘውም።

አዊ በክፍት ጉዞ ከመኪና ይቀድማል። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ዓመታዊ በዓሉን ያከብራል። ያጌጡ ፈረሶች፣ የብርድ ወር፣ ሜዳ ሙሉ ሰው። በዚያ ቀን ኮንቨርቲብል ይዞ የመጣ ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ከዳንግላ በኋላ መንገዱ እየወረደ በመራዊ በኩል 1,800 ሜትር ላይ ወዳለችው ባሕር ዳር ይገባል። እዚያ ቀትር ላይ ጣሪያ የሚዘጋው ከፀሐይ ለመሸሽ ነው።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አስፋልቱ ዳር ጤዛና ጭጋግ አለ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ብርዱ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ማታ ደግሞ መብራት የሌለው ጋሪና ወደ ቤቱ የሚመለስ ከብት መንገዱን ይይዛል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት የተነሳም መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፤ ከመነሳት በፊት ከዚያው ከመጣ ሾፌር መጠየቅ ልማድ ሆኗል። መናኸሪያ አካባቢ ጠዋት ቡና የሚጠጡት የሚኒባስ ሾፌሮች የትኛው ኬላ ላይ ምን እንዳለ ያውቃሉ፤ የት ጭጋግ እንዳለም አብረው ይናገራሉ።