«የፖሊስ ቡድን ደግሞ ምን ክሪኬት ያውቃል?» እና ሌሎች ያንገሸገሹኝ ወሬዎች

ሻርጃ ውስጥ በሳምንቱ መጨረሻ በሚደረጉ የሠራተኞች የክሪኬት ግጥሚያዎች ላይ ነጥብ እመዘግባለሁ። እንጀራዬ ሌላ ነው፤ ይሄ የትርፍ ጊዜ ሥራዬ ነው። ተጫዋቾቹ ፓኪስታናውያን፣ ህንዶች፣ ባንግላዴሻውያንና ኔፓላውያን ናቸው። ከሐበሻ ሜዳው ዳር ተቀምጦ ወረቀት የሚሞላ እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ክሪኬት የሚባል ነገር ከተነሳ የአገሬ ልጆች ወደ እኔ ይመጣሉ። ሊጠይቁኝ ቢመጡ ደስ ባለኝ። የሚመጡት ግን ፈርደው ጨርሰው ነው።

የኔፓል የጠቅላይ ሚኒስትር ዋንጫ ሲጀመር ደግሞ ይብስባቸዋል። ኔፓላውያን ባልደረቦቻችን በምሳ ሰዓት አንድ ስልክ ላይ ለአራት ተደፍተው ያያሉ፤ የእኛ ሰዎች ከኋላ ቆመው ይተቻሉ። ውድድሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አገር አቀፍ የአንድ ቀን ክሪኬት ሻምፒዮና ነው። አሥር ቡድኖች ይሳተፋሉ። ሰባቱ የክፍለ ሀገር ናቸው፦ ኮሺ፣ ማዴሽ፣ ባግማቲ፣ ጋንዳኪ፣ ሉምቢኒ፣ ካርናሊ እና ሱዱርፓሽቺም። ሦስቱ የተቋም ናቸው፦ የሠራዊቱ ትሪቡቫን ክለብ፣ የኔፓል ፖሊስ ክለብ እና የታጠቀው ፖሊስ ኃይል ክለብ። ነገሩን ሁሉ የሚያጣምሙብኝ እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሦስት ናቸው። እነሱ ጋ ከመድረሴ በፊት ግን ቀላል ቀላሉን ላንሳው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው።)

«ክሪኬት አምስት ቀን ይፈጃል።» አምስት ቀን የሚፈጀው ቴስት የሚባለው ዓይነት ነው። ይሄኛው ለአንድ ቡድን 50 ኦቨር ነው። አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው፤ ለአንድ ቡድን 300 ኳስ ማለት ነው። ጠዋት ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

«የአንድ ቀን ከሆነ ታዲያ ለምን ሳምንታት ይቆያል?» አንድ ቀን የሚፈጀው እያንዳንዱ ጨዋታ ነው እንጂ ውድድሩ አይደለም። ይሄን ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም።

«የጠቅላይ ሚኒስትር ዋንጫ ስለሆነ ፖለቲካ ነው።» ኔፓል ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። በሴፕቴምበር 2025 እንኳ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኦሊ በወጣቶች ተቃውሞ ሥልጣን ለቀዋል። ተጫዋቹ ዋንጫውን ማን እንደሚሰጠው ቀድሞ ማወቅ ከፈለገ ብዙ ሊቸገር ነው።

«ኔፓል ተራራ እንጂ ክሪኬት የላትም።» እሺ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኔፓል የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ጨዋታ የማድረግ መብት ያገኘችው በማርች 2018 ዚምባብዌ ውስጥ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው። በፌብሩዋሪ 2020 ከካትማንዱ ወጣ ብላ ባለችው ኪርቲፑር አሜሪካን በ35 ራን (ነጥብ) ጠቅልላ አስወጣች። በወንዶች የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ጨዋታ ከዚያ ያነሰ ውጤት ተመዝግቦ አያውቅም፤ የሚስተካከለው በ2004 ዚምባብዌ ያስመዘገበችው 35 ብቻ ነው። በ2023 በሃንግዡ የእስያ ጨዋታዎች በ20 ኦቨር 314 ራን ቆለለች። ዲፔንድራ ሲንግ አይሪ የሚባለው ልጅ በዚያው ጨዋታ በ9 ኳስ ሃምሳ ገባ። በ2024 የ20 ኦቨር የዓለም ዋንጫ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ የተሸነፈችው በአንድ ራን ብቻ ነው። ይሄ ሁሉ ሩቅ ነው ከተባለ፣ በሴፕቴምበር 2025 እዚሁ ሻርጃ ስታዲየም ሁለት የ20 ኦቨር የዓለም ዋንጫ ያላትን ዌስት ኢንዲስን በተከታታይ ሁለት ጨዋታ አሸነፈች። በሁለተኛው ዌስት ኢንዲስ በ83 ራን አለቀች። ያን ሰሞን ከኔፓላውያን ጋር አንድ መኖሪያ ውስጥ የነበረ ሰው እንቅልፍ አልተኛም። «ኔፓል ክሪኬት የላትም» የሚለኝ ሰው ራሱ ጩኸቱን ሲያማርር ነበር።

«ዲኤልኤስ ለባለሜዳው የተሠራ ማጭበርበሪያ ነው።» ዲኤልኤስ ጨዋታ ሳያልቅ ሲቋረጥ አሸናፊውን የሚለየው ስሌት ነው። ይሄን ወሬ እዚህ ኤምሬትስ ውስጥ በብዛት እሰማዋለሁ። ምክንያቱም አለ። ማርች 16 ቀን 2023 ኤምሬትስ ኪርቲፑር ላይ ከኔፓል ጋር ስትጫወት 310 ራን አስመዘገበች። አሲፍ ኻን ብቻውን በ41 ኳስ መቶ ሞላ። ኔፓል በ44 ኦቨር 269 ደርሳ፣ ስድስት መቺ ወጥቶባት (አሥር ከወጡ ያበቃል) ሳለ ጨዋታው ቆመ። ዝናብ አልነበረም፤ መሸ እንጂ። ሜዳው ያኔ ፓውዛ አልነበረውም። ዳኞቹ ብርሃኑ አይበቃም አሉ፣ ስሌቱ ታየ፣ ኔፓል በ9 ራን አሸነፈች። በዚያ ድል ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አለፈች።

«እንዴት 269 ከ310 ይበልጣል?» ይሉኛል። አይበልጥም። ስሌቱ የሚያየው ቡድኑ ምን ያህል ኳስና ስንት ዊኬት (ከመውጣት የተረፈ መቺ) እንደቀረው ነው። ፍራንክ ዳክወርዝና ቶኒ ሉዊስ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የስታቲስቲክስ ሰዎች ያወጡት ነው፤ ስተርን ደግሞ በኋላ አሻሻለው። ስድስት ኦቨርና አራት ዊኬት በእጁ ያለው ቡድን ገና የሚያጠፋው ሀብት አለው። ያ ሀብት ሲቀነስ ዒላማውም ይቀንሳል። ቁጥሩ ደግሞ ከጨዋታው በኋላ ከኪስ አይወጣም። በየኦቨሩ ስንት ላይ መሆን እንዳለባቸው ሁለቱም ቡድኖች እየተጫወቱ ያውቁታል። ቢጨልም ከስሌቱ በላይ ሆኖ መገኘት ራሱ ችሎታ ነው። ኔፓሎች ያን ቀን ሰማዩን እያዩ ተጫወቱ። ሌላው ቡድንም እኩል ዓይን ነበረው።

አሁን ወደ ዋናው።

«የሠራዊትና የፖሊስ ቡድን እውነተኛ ቡድን አይደለም። ወታደር ለብሶ የመጣ ነው። ክፍለ ሀገሮቹን አሸንፎ ምን ይደንቃል? እንዲህ ያሉትን ቡድኖች ማፍረስ ነው።»

ይሄን የሚለኝ አንድ ጓደኛዬ የመቻል ደጋፊ ነው። እግር ኳስ ሲነሳ ነፍሱን ይሰጣል። «ወንድሜ፣ መቻል የማን ክለብ ነው?» አልኩት። «እሱ ሌላ ነው» አለኝ። ለምን ሌላ እንደሆነ እስካሁን አልነገረኝም። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ እስከ መጨረሻው ቀን አንገት ለአንገት የተናነቁት ንግድ ባንክና መቻል ነበሩ፤ አንዱ የባንክ፣ ሌላው የመከላከያ። ዋንጫውን ባንኩ ሲወስድ «ገንዘብ ቆጣሪዎች ናቸው፣ ቡድን አይደሉም» ያለ አልሰማሁም። አበበ ቢቂላስ? የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ «ይሄማ የተቋም አትሌት ነው» ብሎ ያናናቀው የለም። የተቋም ስፖርት ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ማን ሊያውቅ? እኛው ግን ኔፓል ላይ ሲሆን እንስቃለን።

መጀመሪያ ነገር፣ ልጆቹ ጠመንጃ ሲያነግቱ ውለው ማታ ባት የሚያነሱ አይደሉም። ተቋሙ የሚቀጥራቸው ክሪኬተር ስለሆኑ ነው። ማዕረግ፣ የወር ደሞዝና የጡረታ ዋስትና አላቸው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚለማመዱበት ሜዳና አሠልጣኝ አላቸው። የክፍለ ሀገሩ ቡድን በአብዛኛው ውድድሩ ሲደርስ የሚሰባሰብ ነው። ከካትማንዱ ሸለቆ ውጭ ጥሩ የሣር ሜዳ እንደ ልብ አይገኝም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው እንጂ ዩኒፎርሙ ላይ አይደለም።

ሁለተኛ፣ እነዚያ ተቋማት ባይኖሩ ኖሮ ብዙዎቹ ተጫዋቾች የሉም ነበር። የኔፓል ክሪኬት ማኅበር ከ2016 እስከ ኦክቶበር 2019 በዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ታግዶ ነበር። ሦስት ዓመት ተኩል አካባቢ ማለት ነው። ማኅበሩ ሲታገድ የሠራዊቱና የፖሊሱ ደሞዝ አብሮ አልታገደም። በወሩ መጨረሻ ይገባል። ኔፓል ያንን የ2018 ዓለም አቀፍ መብት ያገኘችው እኮ እገዳው ሳይነሳ ነው! ይሄን የሚያውቅ ሰው «ማፍረስ ነው» አይልም።

አብሮኝ የሚሠራ የካርናሊ ልጅ አለ። እኔን «ዳይ» ይለኛል፤ ታላቅ ወንድሜ እንደ ማለት ነው። ታናሽ ወንድሙ ከሦስቱ ተቋማት በአንዱ ይጫወታል። ትልቁ እዚህ መጥቶ ስካፎልዲንግ ይወጣል፤ ትንሹ እዚያ ኳስ ይወረውራል፣ ደሞዝም አለው። ቤተሰቡ ሁለተኛውን ልጅ ወደ ገልፍ ያልላከው በዚያ ቅጥር ምክንያት ነው። «ታዲያ ካርናሊ ከወንድምህ ክለብ ጋር ሲጋጠም ማንን ትደግፋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ወንድሜ ሲወረውር ወንድሜን፣ ኦቨሩ ሲያልቅ ካርናሊን» አለኝ።

ከእሱ መልስ አንድ እውነት ይወጣል። ተቋማቱ ጎበዙን ከየክፍለ ሀገሩ ይለቅማሉ። ስለዚህ አንድ ክፍለ ሀገር ሲሸነፍ «እዚያ ተጫዋች አይወጣም» ማለት ትልቅ ስህተት ነው። ወጥቶ ተቃራኒውን ማልያ ለብሶ ይሆናል። ክፍለ ሀገሮቹ በዚህ ይጎዳሉ፤ ቅሬታቸውም ትክክል ነው። ግን መድኃኒቱ ክፍለ ሀገሩም ደሞዝ እንዲከፍል ማድረግ ነው። የሚከፍለውን መዝጋት ማንንም አያሳድግም።

ማፍረስ ምን እንደሚያመጣ ማየት የሚፈልግ ፓኪስታንን ይይ። እዚያ የአየር መንገዱ፣ የባንኮቹ፣ የጋዝና የመብራት ድርጅቶች ቡድኖች ለብዙ አሥርት ዓመታት ተጫዋች ቀጥረው ኖሩ። በ2019 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢምራን ኻን የአውስትራሊያን መንገድ እንከተል ብሎ ሁሉንም አስወጣቸው። ስድስት የክፍለ ሀገር ቡድን ብቻ ቀረ። ጥራት ይጨምራል ተባለ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጫዋቾች ግን ደሞዛቸው ቆመ። አንዱ የአንደኛ ደረጃ ተጫዋች ፒክአፕ እየነዳ ዕቃ ሲያመላልስ አገሩ ሁሉ አየው። እኔ ነጥብ ከምመዘግብላቸው መካከል በዚያን ጊዜ ወደ ኤምሬትስ የተሰደዱ አሉ። አንዱ ኳስ ሲወረውር ካያችሁት እጁን መሳም ያምራችኋል፤ የሚሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። ኢምራን ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ነገሩ ተቀለበሰ፤ በ2023 የተቋማቱ ቡድኖች ተመለሱ። መጋዘን የገባው ግን አልተመለሰም። ለነገሩ ኢምራን ራሱ በተጫዋችነት ዘመኑ ለአየር መንገዱ ቡድን ተጫውቷል።

ሦስተኛው ደግሞ ከወረቀቴ ላይ በዓይኔ የማየው ነው። በ50 ኦቨር ጨዋታ አንድ ወርዋሪ ከ10 ኦቨር በላይ መወርወር አይችልም። ስለዚህ ቢያንስ አምስት ወርዋሪ ያስፈልጋል። ሁለት ጎበዝ ወርዋሪ ማንም አያጣም። ሦስተኛም ይገኛል። የተቋም ቡድንና የሚሰባሰበው ቡድን የሚለዩት አምስተኛው ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚለማመደው ቡድን አምስተኛ ወርዋሪ ለብቻው ያዘጋጃል። ሌላው ሁለት መቺዎችን «እስቲ አምስት አምስት ኦቨር ሞክሩ» ይላል። ከ25ኛው እስከ 40ኛው ኦቨር ራኑ የሚፈስሰው በእነሱ በኩል ነው። ሠራተኞቹም ጋ ያው ነው፤ የሚለማመድ ቡድን ያሸንፋል። ይሄ ማጭበርበር ወይም የወታደር አድልዎ አይደለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከኔፓላውያኑ ኋላ የምትቆሙ ከሆነ፣ እንዲህ አድርጉ። የመጀመሪያዎቹን 10 ኦቨሮች አትዝለሉ፤ ያኔ ሜዳው ውስጥ ከተሰመረው ክብ ውጭ ሁለት ተከላካይ ብቻ ስለሚፈቀድ መቺው ይደፍራል፣ አዲሱ ኳስ ደግሞ ይጣመማል፣ ሰው ቶሎ ይወጣል። የመጀመሪያው ቡድን ገና እየመታ ሳለ «ማን እየመራ ነው?» አትበሉ፤ የሚያወዳድሩት ነገር ገና የለም። ስንት ቢደርስ እንደሚበቃው ጠይቁ፤ ያኔ ቦታ ይለቁላችኋል። የራኑን ብዛት ብቻ ሳይሆን የቀረውን ዊኬት እዩ፤ 150 ለ2 (ሁለት ሰው ብቻ ወጥቶ 150 ራን) እና 150 ለ7 የተለያዩ ጨዋታዎች ናቸው። መቺው 40 ኳስ በልቶ 20 ራን ካመጣ አታጨብጭቡለት፤ ሌላው ሁሉ እየወጣ እሱ ብቻ የቀረ ከሆነ ግን አጨብጭቡ። ክፍለ ሀገር ከተቋም ሲጋጠም አምስተኛው ወርዋሪ ማን እንደሆነ ፈልጉት። ካላወቃችሁት የካርናሊውን ልጅ ጠይቁት፤ እሱ የሁሉንም ስም ያውቃል። ሻይ ይዛችሁ ሂዱ፣ የስልኩንም ቻርጀር። ከ40ኛው ኦቨር በኋላ ግን ምንም አትጠይቁት፤ አይመልስላችሁም።