አንድ ሚሊዮን አንድ ፕራይም አይደለም

ጅማ ውስጥ ሒሳብ ማስጠናት ከጀመርኩ ቆየሁ። በየዓመቱ ያው መልስ ይመጣልኛል፦ «ቲቸር፣ 1,000,001 ፕራይም ነው።» ለምን? «ጎዶሎ ነው፣ ለ3ም ለ7ም አይካፈልም።» በቃ፣ አለቀ!

ፕራይም፣ ማለትም ብቸኛ ቁጥር፣ ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ የሌለው ነው። እኔ በጀንፈል ነው የማሳያቸው። 12 ፍሬ 3 በ4 ሆኖ ይደረደራል። 13 ፍሬ ግን ቢያገላብጡት ቢያገላብጡት ያው አንድ ረጅም ሰልፍ ነው።

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ልለፋቸው። «1 ፕራይም ነው።» አይደለም፤ ፕራይም ልክ ሁለት አካፋይ አለው፣ 1 ያለው አንድ ብቻ ነው። «በ3 ካለቀ ለ3 ይካፈላል።» እስቲ 13ን አካፍሉት። የሚታየው የአሃዞቹ ድምር ለ3 መካፈሉ ነው። «ትልቅ ቁጥር አካፋዩ ብዙ ነው።» 60 አሥራ ሁለት አካፋዮች አሉት፤ 9,973 ሁለት ብቻ።

ወደ ጉዴ ልመለስ። 1,000,001 ተንኮለኛ ነው። 999,999 ለ3፣ ለ7፣ ለ11፣ ለ13 እና ለ37 ይካፈላል። የኛው በ2 ስለሚበልጠው በነዚህ ሁሉ ስታካፍሉት ቀሪው 2 ነው። ልጆቹ እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣሉ።

ባለፈው ክረምት አንዱ ተማሪዬ ሁለት ገጽ ሙሉ አካፍሎ መጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለሆነ እየጮኸ ነው የሚያወራው፦ «ከ100 በታች ያሉትን 25ቱንም ፕራይሞች ሞከርኩ፣ እምቢ አለ!» ከታች «ፕራይም» ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። «ከ97 ቀጥሎ ያለው ፕራይም ስንት ነው?» አልኩት። «101።» «በል አካፍለው።» 9,901 ወጣ፣ ያለ ቀሪ። ልጁ ዝም አለ።

አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር። 97 ላይ ቁም ያለው ማንም የለም፣ ደከመውና ቆመ። ሌሎቹ ደግሞ «እስከ ግማሹ መሄድ አለብን» ብለው 500,000ን ያስባሉ፤ እሱም ከንቱ ልፋት ነው። ማቆሚያው ስኩዌር ሩቱ ነው፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን የሚሰጠው፣ እዚህ 1,000 ገደማ። ሁለቱ አባዢዎች ሁለቱም ከ1,000 ቢበልጡ ብዜታቸው ቢያንስ 1,002,001 ይሆናል፣ ከቁጥራችን ያልፋል። ስለዚህ አንዱ የግድ ከ1,000 አይበልጥም። እስከዚያ ያሉት ፕራይሞች 168 ናቸው፤ ካልኩሌተር ለያዘ ሰው የአንድ ቡና ጊዜ ነው።

ልጁን ለማጽናናት ስለ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ስለ ፌርማ ነገርኩት። ያን የሚያህል ሊቅ 4,294,967,297ን ፕራይም ነው ብሎ ገምቶ ነበር። በ1732 እ.ኤ.አ. ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ለ641 እንደሚካፈል አሳየ።

እባካችሁ፣ «ፕራይም ነው» ከማለታችሁ በፊት እስከ ስንት እንደምትሄዱ ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉ። ያ ተማሪ በሳምንቱ ራሱ 10,001ን መርጦ መጣ። ጥግ ላይ «እስከ 100» ይላል። 73 ላይ ይዞታል፦ 73 በ137።