የሠራዊት ቻፕሊን ለመሆን የሚሰጠው ሥልጠና፦ በሐዋሳ የሚደጋገሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሐዋሳ በአንድ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የእረኝነት ምክር አገልግሎትን አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተማሪዎቼ ከክፍል ስወጣ በር ላይ ጠብቀው የሚጠይቁኝ ስለ ሠራዊት ቻፕሊንነት ነው። በዲቪ ወይም በቤተሰብ በኩል አሜሪካ ገብተው ጦር ሠራዊቱን የተቀላቀሉ ዘመዶች አሏቸው፤ እነዚያም በደወሉ ቁጥር የወታደር ልብስ ለብሶ አብሯቸው ስለሚውል መጋቢ ያወሯቸዋል። ቻፕሊን ማለት ለወታደሩና ለቤተሰቡ መንፈሳዊ አገልግሎት እንዲሰጥ የሃይማኖት ተቋሙ የመሰከረለትና ሠራዊቱ የተቀበለው አገልጋይ ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ ሆኖም አብሮት የሚመጣው ግምት ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ስለሆነና በተሳሳተ ግምት ዓመታት የሚያባክን ወጣት ስለሚያሳዝነኝ በጽሑፍ መመለስን መረጥሁ። ሌላ አገር ካልጠቀስሁ በቀር ከዚህ በታች ያሉት መመዘኛዎች የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ናቸው።

«ጸጋው ያለው ሰው ትምህርት አያስፈልገውም»

ይህን የምሰማው በመድረክ አገልግሎታቸው ከሚወደዱ ወጣቶች ነው። እውነታው ግን ረጅም የትምህርት መንገድ ነው። አመልካቹ በመጀመሪያ ዲግሪ 120 የትምህርት ክሬዲት፣ ከዚያም በነገረ መለኮት ወይም በተቀራራቢ መስክ በድኅረ ምረቃ ደረጃ 72 ክሬዲት ማጠናቀቅ ይጠበቅበታል፤ ትምህርቱም ዕውቅና ካለው ተቋም የተገኘ መሆን አለበት። በዚህ ላይ በአብዛኛው የሁለት ዓመት የአገልግሎት ልምድ ይጠየቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሠራዊቱ አገልጋይ እንዲልክ በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ዘንድ የታወቀ የሃይማኖት ድርጅት «ይህ ሰው የእኛ ነው፤ ለዚህ አገልግሎት ብቁ ነው» ብሎ በጽሑፍ ሊመሰክርለት ይገባል። ከሐዋሳ አጥቢያው የሚያመጣው የድጋፍ ደብዳቤ ስለ ጠባዩ የሚናገረው ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ምስክርነት ግን አይተካም። ድርጅቱ ምስክርነቱን ቢያነሣ ቻፕሊንነቱም ያበቃል። ይህን ሥርዓት እኔ በግሌ እወደዋለሁ፤ አገልጋዩ የደንብ ልብስ ቢለብስም የላከችው ቤተ ክርስቲያን ተጠሪ ሆኖ መቆየቱን ያረጋግጣልና።

«ግሪን ካርድ እንደ ያዝሁ ወዲያውኑ እገባለሁ»

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በተራ ወታደርነት ሊመዘገብ ይችላል። ቻፕሊን ግን መኮንን ነው፤ በመደበኛው ሠራዊት የመኮንንነት ሹመት ለመቀበል ደግሞ ዜግነት ግድ ነው።

«ቻፕሊን ጦረኛ ቄስ ነው»

እዚህ ላይ ታሪካችን ራሱ ያሳስተናል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተውን ሠራዊት አቡነ ማቴዎስና ካህናቱ የቅዱስ ጊዮርጊስን ታቦት ይዘው እንደተከተሉት ሁላችንም እየሰማን አድገናል፤ ስለዚህ «የጦር ካህን» ሲባል አእምሯችን የሚስለው ያንን ሰልፍ ነው። በዘመናዊ ሠራዊት ውስጥ ያለው ቻፕሊን ሥራው ሌላ ነው። የአሜሪካ ጦር ደንብ ቻፕሊን መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። መሣሪያ ይዞ የሚጠብቀው በሃይማኖት ጉዳዮች የሠለጠነ አንድ ረዳት ወታደር ነው፤ ሁለቱም እንደ አንድ ቡድን አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ቻፕሊኑ እንደ መቶ አለቃ ወይም እንደ ሻምበል ማዕረግ ይኖረዋል እንጂ ጦር የማዘዝ ሥልጣን የለውም። እ.ኤ.አ. በ1949 የተፈረመው የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 24 ከሐኪሞች ጋር የሠራዊት የሃይማኖት አገልጋዮችም በማንኛውም ሁኔታ እንዲከበሩና እንዲጠበቁ ይደነግጋል።

በጠላት እጅ ቢወድቅ ምን ያደርጋል ለሚለው፣ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው የካቶሊኩን ካህን የኤሚል ካፖንን ታሪክ ነው። በኮሪያ ጦርነት ከቆሰሉ ወታደሮች ተለይቶ ማምለጥ ሲችል አብሯቸው ቀርቶ ተማረከ፤ በምርኮኞች ካምፕ ውስጥ ለተራቡት ምግብ እየፈለገ፣ የታመሙትን እያጠበ ቆይቶ የእኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በደረሰበት በ1951 እ.ኤ.አ. እዚያው አረፈ። የአሜሪካ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳይ በ2013 ሲሰጠው የተወሳለት ያለ መሣሪያ የሠራው ይህ ሥራ ነው።

«የሌላውን እምነት ማገልገል የራስን መካድ ነው»

በዚህ ነጥብ ላይ ቸኩዬ ማለፍ አልፈልግም፤ ከልብ የሚጨነቁ አማኞች የሚያነሡት እውነተኛ የኅሊና ጥያቄ ነውና። ቻፕሊን እምነቱ የማይፈቅድለትን ሥርዓት እንዲፈጽም አይገደድም። የጴንጤ መጋቢ የካቶሊክ ቅዳሴ አይቀድስም፤ የእስልምና ጸሎትም አይመራም። ግዴታው የራሱን ሥርዓት ራሱ መፈጸም፣ ለሌላው ወታደር ደግሞ የእምነቱን አገልጋይ፣ ቦታውን፣ ጊዜውንና መጽሐፉን ማመቻቸት ነው። ለአይሁዳዊው ወታደር ረቢ መፈለግ፣ ለሙስሊሙ በረመዳን የማፍጠሪያው ሰዓት እንዲታወቅለት ለአዛዡ ማስረዳት፣ ለኦርቶዶክሱ የጾም ምግብ እንዲገኝለት መጠየቅ የዕለት ሥራው ነው። በሐዋሳ ለኖረ ሰው ይህ ባዕድ ነገር ሊሆን አይገባም፤ በአንድ ግቢ ተከራይተን፣ በአንድ ዕድር ተጽፈን፣ የተለያየ እምነት ያለውን ጎረቤታችንን ስንቀብርና ስናስተዛዝን የማንን እምነት ካድን?

እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 1943 ዶርቼስተር የተባለችው የጦር ማመላለሻ መርከብ ግሪንላንድ አቅራቢያ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ስትሰምጥ አራት ቻፕሊኖች ተሳፍረውባት ነበር፤ ሁለት ፕሮቴስታንቶች፣ አንድ ካቶሊክና አንድ ረቢ። የተንሳፋፊ ጃኬት ሲያልቅ የራሳቸውን እያወለቁ ለወታደሮች ሰጡ፤ ጃኬቱን የሚቀበለውን ወታደር ግን እምነቱን አልጠየቁትም። በዚያ ሌሊት ከሞቱት ከ600 በላይ ሰዎች መካከል አራቱም ይገኙበታል።

«ወታደሩ የነገረውን ለአዛዡ ያደርሳል»

አያደርስም። ወታደር ለቻፕሊን በምሥጢር የነገረው ነገር፣ ወታደሩ ራሱ ካልፈቀደ በቀር፣ ለአዛዥም ሆነ ለመርማሪ አይገለጥም። ለሠልጣኙ ከባድ የሚሆነው ሕጉን ማወቁ ሳይሆን መኖሩ ነው። ሕይወቱን ለማጥፋት እንዳሰበ የነገረው ወታደር ፊቱ ተቀምጦ ሳለ ቻፕሊኑ ወጥቶ ለሌላ ሰው አይናገርም፤ ትቶትም አይሄድም። ወታደሩ አብሮት ወደ ሐኪም ለመሄድ ራሱ እስኪፈቅድ ድረስ ከጎኑ ሆኖ ያግባባዋል። ለዚህም ነው በሥልጠናው ውስጥ ማዳመጥ ራሱን እንደ ቻለ ሙያ የሚሰጠው።

«ሥልጠናው ስብከት ብቻ ነው»

ወይም በተቃራኒው «ሩጫና ሰልፍ ብቻ ነው» ይባላል። የጦር ሠራዊቱ ቻፕሊኖች በሳውዝ ካሮላይና በሚገኘው ፎርት ጃክሰን ለሦስት ወር ገደማ ይሠለጥናሉ። በዚያ የአካል ብቃት ፈተና፣ የካርታ ንባብ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታና የሠራዊት ጽሕፈት አለ፤ አዛዥን በግብረ ገብ ጉዳይ ማማከርም ይማራሉ። ወታደር ሲሞት የሚደረገውን የመታሰቢያ ሥርዓት እንዴት እንደሚመሩም ይለማመዳሉ፦ አፈ ሙዙ ወደ መሬት የተተከለ ጠመንጃ፣ በላዩ የራስ ቁር፣ በእግሩ ሥር ጫማ። የጦሩ አለቃ የወታደሮቹን ስም በየተራ ሲጠራ እነርሱ «አቤት» ይላሉ፤ የሟቹን ስም ሦስት ጊዜ ሲጠራ መልስ የለም። ቻፕሊኑ ከዚያ ዝምታ በኋላ ምን እንደሚል አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

መርዶም አለ። ሞቱን ለቤተሰብ የሚናገረው የተመደበ መኮንን ሲሆን ቻፕሊን አብሮት በር ያንኳኳል። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ዝም ይላሉ፤ ምክንያቱም እኛ መርዶን ሽማግሌና ጎረቤት ሰብስበን፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሟቹን የሚወዱት ሳይነሡ ደጃፉን ከብበን የምንነግር ሕዝብ ነን፤ እዚያ ግን ሁለት እንግዳ ሰዎች በር ላይ ይቆማሉ። መርዶ አብሮ ተሸክሞ ያደገ ሰው ለዚህ ሥራ ከማንም የተሻለ መነሻ እንዳለው አምናለሁ፤ በአንጻሩ ዋይታ የሌለበትን፣ በዝምታ የሚያለቅስ ቤተሰብ እንዴት እንደሚረዳ አዲስ መማር ይኖርበታል።

«በሁሉም አገር እንደ አሜሪካው ነው»

አይደለም። በብሪታኒያ ባሕር ኃይል ቻፕሊን ማዕረግ የለውም፤ የሚያነጋግረውን ሰው ማዕረግ እንደ ያዘ ይቆጠራል። በጀርመን የሠራዊት አገልጋዮች ሲቪል ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ስለሚደነግግ የሌላውን አገር መመዘኛ ወስዶ እዚህ ይሠራል ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነው።

«ሐዋሳ ተቀምጬ ምንም ልዘጋጅ አልችልም»

በአሜሪካ የሆስፒታል ቻፕሊኖች በሚሠለጥኑበት፣ አንዱ ክፍል ቢያንስ 400 ሰዓት በሚፈጀው ተግባራዊ የእረኝነት ትምህርት ውስጥ አንድ ልማድ አለ፤ ሠልጣኙ ከበሽተኛ ጋር ያደረገውን ንግግር ከበሽተኛው ክፍል እንደ ወጣ ቃል በቃል ይጽፋል። ይህን ለማድረግ ፎርት ጃክሰን መሄድ አያስፈልግም። ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ወደ ሆስፒታል በላክሁ ጊዜ አንዱ ያመጣው ወረቀት እንዲህ ይላል፦

በሽተኛው፦ «ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።»
እኔ፦ «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። እንጸልይ?»
በሽተኛው፦ «እሺ።»

ሰውየው ለምን እንደማይተኛ አልጠየቀውም። ወረቀቱን አብረን ስናነብ ራሱ አገኘው፤ ጸሎቱን እንደ መውጫ በር እንደተጠቀመበትም ሳልነግረው ገባው። በሳምንቱ ተመልሶ ሄደ። ሁለተኛው ወረቀት አንድ ገጽ ተኩል ሲሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም የበሽተኛው ቃል ነው፤ የተማሪዬ ድርሻ «እህ» እና «ከዚያስ?» ብቻ ነው። በመጨረሻው መስመር ላይ በሽተኛው «አሁን ጸልይልኝ» ይላል።