ፆታን መርጦ መውለድ ምንድን ነው? ፅንስ ከማቋረጥስ በምን ይለያል?

ፆታን መርጦ መውለድ ማለት የሚወለደው ልጅ የተፈለገው ፆታ እንዲሆን ሆን ብሎ ጣልቃ መግባት ነው። በመርህ ደረጃ ወንድም ሴትም ሊመረጥ ይችላል። ድርጊቱ በስፋት በታየባቸው አገሮች ግን የሚፈለገው ወንድ፣ ሳትወለድ የምትቀረው ደግሞ ሴት ናት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ጉዳዩን በሴቶች ላይ የሚፈጸም አድልዎ ብለው የሚመድቡትም በዚህ ምክንያት ነው።

መንገዱ አንድ አይደለም። ከእርግዝና በፊት የወንዱን ዘር በላብራቶሪ መለየት አለ። ከማኅፀን ውጭ የተፈጠረን ፅንስ መርምሮ የተፈለገውን ብቻ ወደ ማኅፀን ማስገባት አለ። በእርግዝና ወቅት ፆታውን በምርመራ አውቆ ሴት ከሆነች ማቋረጥም አለ። ከወለዱ በኋላ ሴቷን ሕፃን በምግብ፣ በክትባትና በሕክምና ችላ ማለትም የዚያው አድልዎ ሌላ ገጽታ ነው። ፅንስ ማቋረጥ ያለበት ከእነዚህ መንገዶች በአንዱ ብቻ ነው። ይህ ገና ከመጀመሪያው ግልጽ ሊሆን ይገባል፤ ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ወዲያው ወደ ፅንስ ማቋረጥ ሕግ ይዞራል፣ ዳፋው የሚተርፈውም ከፆታ ምርጫ ጋር ምንም ግንኙነት ለሌላቸው ሴቶች ነው።

በቁጥር እንዴት ይታወቃል?

ማንም ጣልቃ ሳይገባ ለ100 ሴት ሕፃናት 105 ያህል ወንዶች ይወለዳሉ። ይህ ለ100 ሴቶች የሚወለዱ ወንዶች ቁጥር ምጥጥን ይባላል፤ ከ103 እስከ 107 ያለው እንደ ተፈጥሯዊ ይቆጠራል። በአገር ደረጃ ቁጥሩ ዓመት ከዓመት ከዚህ በላይ ከሆነ የሰው እጅ አለበት። በደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1990 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) 116.5 ደርሶ ነበር። በቻይና በ2004 121 ያህል ነበር፤ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ወደ 111 ወርዷል። በአርመንና በአዘርባጃንም ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ከ110 አልፏል። የሕንድን አሃዝ የሚያነብ ሰው መጠንቀቅ አለበት። እዚያ የሚነገረው በአብዛኛው በተገላቢጦሽ፣ ለ1,000 ወንዶች ስንት ሴቶች እንዳሉ ነው፤ ስለዚህ አሳሳቢው የቁጥሩ መውረድ ነው። ከ7 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት በ1991 945 የነበረው በ2001 927፣ በ2011 ደግሞ 918 ሆኗል።

በዚህ ስሌት ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስህተት አለ። የአንድ ወረዳ ወይም የአንድ ሆስፒታል ቁጥር ተወስዶ «ምጥጥኑ ተዛብቷል» ይባላል። 1,000 ልደቶች ብቻ ከተቆጠሩ፣ ማንም ምንም ሳያደርግ በአጋጣሚ ብቻ ምጥጥኑ ከ93 እስከ 119 ሊዋዥቅ ይችላል። 10,000 ልደቶች ሲሆኑ ክልሉ ከ101 እስከ 109 ይጠብባል። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ በጥቂት መቶ ልደቶች ላይ የታየ መዛባት ክሊኒክ ለማሸግም ሆነ «ፕሮግራማችን ውጤት አመጣ» ለማለት አይበቃም። ሴት ልጆች በልደት መዝገብ ዘግይተው የሚመዘገቡባቸው አካባቢዎችም አሉ፤ ያኔ የተዛባው ልደቱ ሳይሆን መዝገቡ ነው።

የበለጠ አስተማማኙ ምልክት የልጁ ተራ ነው። የፆታ ምርጫ ባለበት አገር የመጀመሪያ ልጆች ምጥጥን በአብዛኛው ተፈጥሯዊውን ይጠጋል። የሚያሻቅበው ቀድመው ሴቶች ብቻ በተወለዱባቸው ቤተሰቦች፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ልጅ ላይ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ኮሪያ የሦስተኛ ልጆች ምጥጥን ወደ 200 ደርሶ ነበር። ለአንድ ሴት ሁለት ወንድ ማለት ነው።

ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ

የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ክስተቱን በሦስት ሁኔታዎች መገጣጠም ያስረዱታል። አንደኛው ወንድ ልጅን ማስበለጥ ነው። ርስት በወንድ በኩል ሲተላለፍ፣ የዘር ስም የሚቀጥለው በወንድ ብቻ ሲሆን፣ ወላጆችን በእርጅና የሚጦረው ወንዱ ሲሆን፣ ሴት ልጅ ስትዳር ቤተሰቧ ለሙሽራው ወገን ብዙ ንብረት መክፈል ሲኖርበት፣ ሴት መውለድ እንደ ኪሳራ ይታያል። ሁለተኛው የቤተሰብ ቁጥር ማነስ ነው። ስድስት ልጅ የሚወልዱ ባልና ሚስት ወንድ የማግኘት ዕድላቸው ሰፊ ነው፤ ሁለት ብቻ የሚወልዱት ግን ከአራት ቤተሰብ በአንዱ ሁለቱም ሴቶች ይሆኑባቸዋል። ሦስተኛው ፆታን ቀድሞ የሚያሳውቅ ቴክኖሎጂ በቀላሉና በርካሽ መገኘቱ ነው።

ከሦስቱ ውስጥ ሕጋዊ ፅንስ ማቋረጥ እንደ መነሻ ምክንያት አልተጠቀሰም፤ ማስረጃውም ይህንኑ ያሳያል። በደቡብ ኮሪያ ምጥጥኑ ጣሪያ በነካበት ጊዜ ፅንስ ማቋረጥ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር በወንጀል ሕግ የተከለከለ ነበር። በስዊድን በአንጻሩ ከ1975 ጀምሮ አንዲት ሴት ምክንያቷን ሳትጠየቅ እስከ 18 ሳምንት ማቋረጥ ትችላለች፤ ምጥጥኑ ግን እስካሁን ከተፈጥሯዊው አልወጣም።

የሳምንቱ ጉዳይ

ፆታው መቼ ይታወቃል? በአልትራሳውንድ ከ14ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ሊለይ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በእርግጠኝነት የሚታየው ግን ከ18 እስከ 20 ባለው የምርመራ ጊዜ ነው። ከእንግዴ ልጁ ናሙና የሚወሰደው ከ10 እስከ 13 ሳምንት፣ ከእንሽርት ውሃ የሚወሰደው ደግሞ ከ15ኛው ሳምንት ጀምሮ ነው። ፅንስ የሚያቋርጡ ሴቶች አብዛኞቹ ግን የሚያቋርጡት በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ነው። ስለዚህ በአብዛኛው ሁኔታ ሴትየዋ ራሷ ፆታውን አታውቀውም።

ይህ ክርክር ጠንካራ ቢሆንም ብቻውን መደገፊያ መሆን የለበትም። ከእናትየዋ ክንድ በተወሰደ ደም የፅንሱን ዘረመል የሚያነብ ምርመራ አሁን በ10ኛው ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ ቀድሞ ፆታውን ይናገራል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቁጥጥሩን ወደ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት አምጡት የሚል አይደለም። ምርመራው በቀደመ ቁጥር ማቋረጫው በር ላይ ቆሞ መፈተሽ ከንቱ ይሆናል፤ የሚጠየቁት ሴቶች ሁሉ ይሆናሉና፣ እውነተኛውን ምክንያት የምትናገርም አትገኝም።

የሕንድ ሁለት ሕጎች

ልዩነቱን በግልጽ ለማየት ሕንድ ጥሩ ማሳያ ናት፤ ሁለቱን ጉዳዮች በሁለት የተለያዩ ሕጎች ነው የያዘቻቸው። የ1971ዱ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን ይፈቅዳል። በ2021 ከተሻሻለ በኋላ እስከ 20 ሳምንት የአንድ ሐኪም፣ ከ20 እስከ 24 ሳምንት ደግሞ በደንቡ ለተዘረዘሩ ሴቶች የሁለት ሐኪሞች አስተያየት ይበቃል። የሴትየዋን ማንነት አሳልፎ የሰጠ ሰው እስከ አንድ ዓመት ሊታሰር ይችላል።

በ1994 የወጣውና በ2003 የተሻሻለው ሌላኛው ሕግ የሚቆጣጠረው ምርመራውን ነው። እያንዳንዱ የአልትራሳውንድ ማሽን ይመዘገባል። ለእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ቅጽ ይሞላል፤ ለምን እንደተመረመረችና ማን እንደመረመራት ይጻፋል። የፅንሱን ፆታ መናገር በቃልም ሆነ በምልክት ክልክል ነው፤ ይህን የሚገልጽ ማስታወቂያም በክሊኒኩ ውስጥ ይሰቀላል። ጥፋተኛ የሆነ ባለሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 3 ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ሩፒ ቅጣት ይጠብቀዋል። እርጉዟን በተመለከተ ግን ሕጉ ባሏ ወይም ዘመዶቿ አስገድደዋት እንደሆነ ግምት ይወስዳል። ይህ አንቀጽ ከሕጉ ሁሉ ብልሁ ይመስለኛል።

በወረቀት ላይ ድንበሩ ጥርት ያለ ነው፤ የሚደበዝዘው መስክ ላይ ነው። ተቆጣጣሪው ማሽኑ ወዳለበት ክፍል መሄድ ሲገባው ማቋረጫ ክፍሉን ይፈትሻል፤ እዚያ መዝገብና ስም ይገኛል፣ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ በሹክሹክታ የተነገረ ቃል ግን ማስረጃ አይተውም። ከቅጹ አንድ መስመር የጎደለበት ሐኪም ይከሰሳል፤ ቅጹን አሟልቶ በጥቅሻ ፆታውን የሚናገረው ያመልጣል። የመድኃኒት ቤት ባለቤቶችም ፍተሻ በመፍራት የማቋረጫውን ክኒን ከመደርደሪያቸው ያነሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 12 ሳምንት የሚመክረው 200 ሚሊግራም ሚፌፕሪስቶን፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላም 800 ማይክሮግራም ሚሶፕሮስቶል ነው። ይህ የሚወሰደው ደግሞ በአልትራሳውንድ ፆታው ሊለይ ከሚችልበት ጊዜ አስቀድሞ ነው፤ ክኒኑን መደበቅ የፆታ ምርጫን አይነካም ማለት ይቻላል። የሚያደርገው ነገር ሴቲቱን ወደ ኋለኛ ሳምንታት መግፋት ነው። የማቋረጥ አደጋው እርግዝናው በገፋ ቁጥር ይጨምራል፤ ወጪውም እንዲሁ። አገልግሎቱን ያጣችው ሴት ደግሞ ወደ ሥራ ስሩና ወደ ስለታም ብረቱ ትሄዳለች። በዓለም ከሚቋረጡ ፅንሶች 45 በመቶ ያህሉ ደህንነቱ ባልተጠበቀ መንገድ የሚፈጸሙ መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ መድማት፣ ኢንፌክሽንና የማኅፀን መበሳት የሚመጡት ከዚህ ነው።

ቅስቀሳውም እንደዚሁ ሊስት ይችላል። ደም፣ ቢላዋና የተሟላ ሕፃን የተሳለበት «ሴቷን ፅንስ አትግደሉ» የሚል ፖስተር ያየ ሰው የሚያስታውሰው ፅንስ ማቋረጥ ሁሉ ወንጀል ነው የሚለውን ነው። ፖስተሩ ላይ መሳል ያለባት የምትማር፣ የምትሠራ፣ ወላጆቿን የምትጦር ልጅ ናት። መልእክቱም ፆታን መመርመር ክልክል መሆኑን፣ ፅንስ ማቋረጥ ደግሞ በሕጉ መሠረት የተፈቀደ መሆኑን አንድ ላይ መናገር አለበት። አንዱን ትቶ ሌላውን መናገር ጉዳት ያመጣል።

ምን ለወጠው?

በ2011 የዓለም ጤና ድርጅትን፣ ዩኒሴፍን፣ የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድን፣ የሴቶች ድርጅቱንና የሰብዓዊ መብት ኮሚሽነሩን ጽሕፈት ቤት ያካተተ የጋራ መግለጫ ወጥቶ ነበር። መግለጫው መንግሥታት የፆታ ምርጫን የመከላከል ግዴታ እንዳለባቸው ሲያሳስብ፣ ያ ግን ሴቶችን ደህንነቱ የተጠበቀ አገልግሎት እስከማሳጣት እንዳይደርስ ያስጠነቅቃል።

ደቡብ ኮሪያ ፆታን መናገር የከለከለችው በ1987 ነበር። ከክልከላው በኋላም ምጥጥኑ ለዓመታት ከፍ ብሎ ቆይቷል፤ ወደ ተፈጥሯዊው ክልል የተመለሰው በ2007 አካባቢ ነው። በመካከሉ ሴቶች በብዛት ተማሩ፣ ሥራ ያዙ፣ ጡረታ ተስፋፋ። ወንዱን የቤተሰብ መሪ የሚያደርገውን የምዝገባ ሥርዓት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2005 ውድቅ አደረገው፤ በ2008 መጀመሪያም ጨርሶ ቀረ። ፅንስ ማቋረጥን በወንጀል የሚቀጣው ድንጋጌ ከ2021 ጀምሮ ተፈጻሚነቱን አጣ፤ ሆኖም ምጥጥኑ አልተዛባም። በ2024 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ወንድን የማስበለጡ ዝንባሌ መዳከሙን ጠቅሶ ፆታን የመናገር ክልከላውን ራሱን ሻረ። ሕንድም በ2005 የውርስ ሕጓን አሻሽላ የሂንዱ ሴቶች ልጆች በቤተሰብ ርስት ከወንድሞቻቸው እኩል እንዲሆኑ አድርጋለች፤ ሕጉ ቢኖርም ድርሻቸውን ለወንድሞቻቸው የሚለቁ እህቶች ብዙ ናቸው፣ ለውጡም የዘገየው ለዚህ ነው።

ሴትየዋ ክሊኒክ ስትመጣ

ጤና ባለሙያውን በጣም የሚያስጨንቀው ሁለት ሴቶች ልጆች ያሏት፣ በ16ኛው ሳምንት ላይ የምትገኝ ሴት ስትመጣ ነው። ብዙዎች ክስ ፈርተው ይመልሷታል። ዘግይታ የመጣችው ግን እርግዝናውን ባለማወቋ፣ ገንዘብ በማጣቷ፣ ባሏ ጥሏት በመሄዱ ወይም ሌላ ቦታ በመመለሷ ሊሆን ይችላል። የሴቶች ልጆቿ ቁጥር የፆታ ምርጫ ማስረጃ አይደለም።

ትክክለኛው አሠራር መጀመሪያ አብረዋት የመጡትን ከክፍሉ ማስወጣት ነው፣ አማትም ሆነች ባል። ከዚያ ብቻዋን ውሳኔው የራሷ መሆኑን፣ ያስገደዳት ወይም ያስፈራራት ሰው መኖሩን በለሰለሰ አነጋገር መጠየቅ። የእርግዝናውን ዕድሜ ለማወቅ አልትራሳውንድ ካስፈለገ የሚመዘገበው ዕድሜው ብቻ ነው፤ ስለ ፆታው አይነገርም፣ ምስሉም ለቤተሰቡ አይሰጥም። ሕጉ የሚፈቅድላት ከሆነ አገልግሎቱ በዚያው ቀን ይሰጣታል፣ ወይም ወደሚሰጥበት ቦታ ቀጠሮ ተይዞላት ትላካለች። ተገድጃለሁ ካለች ደግሞ ማቋረጡ ይቆማል፤ የጥቃት ሰለባዎችን ከሚረዳ አገልግሎት ጋር ትገናኛለች፣ ወደ ቤት ብትመለስ ምን እንደሚጠብቃትም አብሯት ይታሰብበታል፤ «ሐኪሙ ለጤናዋ አይሆንም ብሏል» የሚል መልስ ለቤተሰቡ መስጠት ካስፈለገም በእሷ ፈቃድ ይሰጣል።